የተቀደደ የአክስል ላስቲክና የላላ ስታብላይዘር ሊንክ በግቢ ውስጥ ስለመቀየር

በአዲስ አበባ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባ ነዋሪ መኪናውን የሚጎዳበት ዋናው አስፋልት ሳይሆን ከአስፋልቱ መጨረሻ እስከ ግቢው በር ያለችው አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ናት። በበጋ አቧራውና የወላለቀው ኮብልስቶን፣ በክረምት ደግሞ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ተጣብቆ የሚደርቀው የዋልካ ጭቃ የመኪናን የፊት እግር ያለ ዕድሜው ይጨርሱታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አብዛኞቻችን ያለችንን አሮጌ መኪና አቆይተን መንዳት ግድ ሆኖብናል። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንደ ቪትዝና ኮሮላ ያሉ፣ በፊት ጎማቸው የሚጎተቱ ትንንሽ መኪኖች ላላቸው፣ መሠረታዊ ቁልፎችን ለሚያውቁና አንድ እሑድ ሙሉ ለሥራው መስጠት ለሚችሉ ሰዎች ነው። የመኪናዎ ሞዴል የራሱ ልዩነት ሊኖረው ስለሚችል ከመፍታትዎ በፊት እያንዳንዱን ደረጃ በስልክዎ ፎቶ እያነሱ ይቀጥሉ።

መጀመሪያ ድምፁን መለየት

የፊት እግር ችግር በአብዛኛው በድምፅ ይጀምራል፤ ገንዘብ የሚባክነውም ድምፁን ሳይለዩ ዕቃ በመግዛት ነው። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በኮብልስቶን ላይ ስሄድ ከቀኝ በኩል «ኳ ኳ» የሚል ድምፅ ሰምቼ ወደ አንድ ጋራዥ ብሄድ ሁለቱም የፊት አሞርዛተሮች ሞተዋል ተባልኩ። ሁለቱንም አስቀየርኩ፤ ድምፁ ግን አብሮኝ ወደ ቤት ተመለሰ። ጥፋተኛው ከአሞርዛተሩ እጅግ የሚረክስ፣ በሁለት ዳዶ ብቻ የሚታሰር ስታብላይዘር ሊንክ፣ ማለትም መኪናዋ ስትታጠፍ እንዳትጋደም የሚይዘውን ዘንግ (ስታብላይዘሩን) ከአሞርዛተሩ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ብረት ነበር።

በዝግታ እየነዱ በትንንሽ ጉድጓዶችና በኮብልስቶን ላይ ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም ደረቅ ኳኳታ የሚሰሙ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ሊንክ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው ነዳጅ ሲሰጡ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከጎማው በኩል ቢመጣ የአክስሉ፣ ማለትም ኃይልን ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ፣ የውጭው መተጣጠፊያ (ጆይንት) ተበልቷል ማለት ነው። ቀጥ ብለው ፍጥነት ሲጨምሩ ብቻ መኪናዋ የምትንቀጠቀጥ፣ እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሱ ግን የምትረጋ ከሆነ የውስጠኛውን፣ ማለትም ወደ ካምቢዮ የሚገባውን ጆይንት ይመልከቱ። ከፍጥነት ጋር አብሮ የሚያድግና ወደ አንድ ጎን ሲታጠፉ ድምቀቱ የሚለዋወጥ ጉምጉምታ ደግሞ የኩሽኔታ ምልክት ነው። በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ አንድ ጊዜ ብቻ «ዱም» የሚል ከሆነ የአርም (የታችኛው ክንድ) ቡሽ ወይም ክንዱን ከጎማው በኩል የሚያገናኘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ፣ ባል ጆይንት፣ ሊሆን ይችላል።

ድምፅ ከመምጣቱ በፊት ግን ዓይን ይቀድማል። መሪውን ወደ አንድ ጎን አዙረው ከጎማው ኋላ በባትሪ ብርሃን ሲመለከቱ ጆይንቱን የሚሸፍነውን፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጥቁር የአክስል ላስቲክ ያገኛሉ። እጥፋቶቹን በጣትዎ ከፍተው ይመርምሩ፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከእጥፋቱ ሥር ስለሆነ ከላይ ደህና መስሎ ሊያታልል ይችላል። በቸርኬው የውስጥ ገጽና በአካባቢው ላይ የተረጨ ጥቁር ግራሶ ካዩ ላስቲኩ ተቀድዷል። አክስሉ ሲሽከረከር ግራሶው በተቀደደው በኩል ይረጫል፤ በምትኩ አቧራና ውኃ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ጆይንቱ ውስጥ ያሉት ስድስት ኳሶች በአሸዋ እንደተፈጩ ይቆጠራል። የላስቲኩ ዋጋ ከጆይንቱ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ ላስቲኩ ተቀድዶ ድምፅ ገና ያልጀመረባት ጥቂት ሳምንት ውድ ጊዜ ናት፤ በተለይ ክረምት ከመግባቱ በፊት።

ግራሶውን በሁለት ጣት መሃል አሽተው ይሞክሩት። ለስላሳ ከሆነ ላስቲክ ብቻ ይበቃል። እንደ ጥሬ ዱቄት የሚቆረቁር ከሆነ አጥበው ኳሶቹንና የሚሄዱበትን ቦይ እስኪያዩ ድረስ ውሳኔዎን ያቆዩ። «ቀጭ ቀጭ» ማለት ከጀመረ ግን አዲስ ላስቲክ አይፈውሰውም።

ዕቃ ስለመግዛት

ወደ መኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የመኪናዎን ሞዴል፣ ዓመተ ምሕረትና የሻንሲ ቁጥር ይያዙ። ከተቻለ ደግሞ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ይዘው ይሂዱ። ጆይንት ወይም ሙሉ አክስል የሚገዙ ከሆነ የጥርሱን ቁጥር በሁለቱም ጫፍ ቆጥረው ያስተያዩ፤ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ቀለበት ያለውና የሌለውም አይለዋወጡም። በእኔ አስተያየት በደንብ የተመረመረ ያገለገለ ኦሪጅናል አክስል ስሙ ከማይታወቅ ርካሽ አዲስ አክስል ይሻላል። ለመመርመር ሁለቱን ጫፎች ይዘው በየአቅጣጫው ያጣጥፉት፤ እንቅስቃሴው ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት፣ ጆይንቱን ይዘው አክስሉን ግራና ቀኝ ሲያዞሩትም መንገጫገጭ የለበትም። ባል ጆይንት ግን ያገለገለ ፈጽሞ አይግዙ። ላስቲኩን ሲገዙ ሁለት ፋሼታ (የላስቲኩን አፎች የሚያጠብቅ የብረት ቀለበት) እና አንድ ከረጢት ጥቁር ግራሶ አብረው መኖራቸውን ያረጋግጡ። ያ ግራሶ ሞሊብዲነም ያለበትና ለጆይንት ተብሎ የተሠራ በመሆኑ በተራው ቢጫ ግራሶ አይተካም። ለአንድ ጎን የውስጡንም የውጩንም ላስቲክ እንዲገዙ እመክራለሁ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል። አዲስ የአክስል ዳዶም ይጨምሩ።

መኪናዋን ስለማንሳት

እዚህ ላይ ቁጠባ የለም። አንድ ጊዜ መደገፊያ ስላልነበረኝ ከጎረቤት ግንባታ የተረፈ ብሎኬት ከበሩ ሥር አስገብቼ ክሪኩን ዝቅ አደረግሁ። ብሎኬቱ ለጥቂት ደቂቃ ችሎ ቆመ፤ ከዚያ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ እንደ ብስኩት ደቀቀ። እግሬ በዚያ ሰዓት ከሥሯ ውጭ መሆኑ የጥንቃቄዬ ሳይሆን የዕድል ጉዳይ ነበር፤ ቁልፍ ላመጣ ተነሥቼ ነው። ብሎኬት ግድግዳ ሲሆን በሙሉ ገጹ የተዘረጋ ሸክም ይችላል፤ በአንዲት ነጥብ ላይ ለሚያርፍ ብረት ግን አልተሠራም። ክሪክም ለማንሳት እንጂ ይዞ ለማቆም አይደለም።

ስለዚህ ሁለት የብረት መቆሚያ ይግዙ ወይም ይዋሱ። መሬቱ አፈር ከሆነ ከመቆሚያው ሥር ወፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላ ያንጥፉ፤ የዋልካ አፈር በበጋም ቢሆን ከላይ ደርቆ ከሥር ሊሰምጥ ይችላል። የኋላ ጎማዎቹን በፊትም በኋላም በድንጋይ ያግዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። የፈቱትን ጎማ በጎኑ አጋድመው ከበሩ ሥር ያስገቡት፤ ሁሉም ነገር ቢከዳ መኪናዋ የምታርፈው በእርሱ ላይ ነው።

የአክስል ላስቲክ አቀያየር

ሥራው የሚጀምረው መኪናዋ ገና በጎማዋ እንደቆመች ነው። በቸርኬው መሃል ያለውን ክዳን ያውጡና የአክስሉን ዳዶ ይመልከቱ። የዳዶው ከንፈር እንዳይፈታ ወደ አክስሉ ቦይ በመዶሻ ተጨፍልቋል፤ በቀጭን ስካርፔሎ መልሰው ያቅኑት፣ አለበለዚያ ጥርሱን ይዞት ይወጣል። በአብዛኞቹ የቶዮታ ትንንሽ መኪኖች ዳዶው ቁጥር 30 ቡሶላ ይፈልጋል። አንድ ሰው ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥልዎት፤ እኔ ይህን ሥራ የምሰጠው ለጎረቤቴ ልጅ ነው፣ እርሱም «ጋሼ፣ ልልቀቅ?» እያለ በየደቂቃው ይጠይቀኛል። በቁልፉ እጀታ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን የውኃ ቧንቧ ቢያስገቡ ዳዶው ይታዘዛል። ያላሉት እንጂ አያውጡት፤ ዳዶው ልል ሆኖ መኪናዋን ማንቀሳቀስ ኩሽኔታውን ይጎዳል። የጎማውን ዳዶዎችም በዚሁ ጊዜ ያላሉ፤ ከዚያ መኪናዋን አንሥተው በመቆሚያ ላይ ያሳርፉና ጎማውን ይፍቱ።

ቀጥሎ ኩሽኔታውንና ፍሬኑን የያዘውን ወፍራም ብረት፣ ከዚህ በኋላ ተሸካሚ የምለውን፣ ከታች ማላቀቅ ያስፈልጋል። በአንዳንድ ኮሮላዎች ባል ጆይንቱ ከታችኛው አርም ጋር በአንድ ቡሎንና በሁለት ዳዶ የታሰረ ስለሆነ ሦስቱን ፈትቶ አርሙን በረጅም ብረት ወደ ታች መጫን ይበቃል። በሌሎቹ ላይ የታጠፈውን የመያዣ ሽቦ አውጥተው ዳዶውን እስከ ጫፉ ያላሉና የባል ጆይንቱ እግር የገባበትን የተሸካሚውን ዓይን ከጎኑ በከባድ መዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ይምቱ። የሚመታው ዓይኑ ነው፤ የእግሩን ጫፍ ከመቱ ጥርሱ ይበላሻል፣ ሽፋን ላስቲኩም ይቀደዳል። በላይ በኩል አሞርዛተሩን ከተሸካሚው የሚያስሩትን ሁለት ቡሎኖች መፍታት የሚቀል ይመስላል፤ ሆኖም የጎማውን የአቋቋም ማዕዘን ስለሚያዛባ እኔ አልመርጠውም።

ዳዶውን ከአክስሉ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን መልሰው ያስገቡት፣ ጣውላ ይደግፉበትና በመዶሻ ወደ ውስጥ ይምቱት። አክስሉ ሲንቀሳቀስ ዳዶውን ያውጡና ተሸካሚውን ወደ ውጭ እየሳቡ ያላቅቁት። ተሸካሚው በፍሬኑ ቱቦ እንዳይንጠለጠል በሽቦ ወደ ሞላው ያስሩት፤ የኤቢኤስ ሽቦ ካለም አስቀድመው ከማሰሪያው ነፃ ያድርጉት።

አሁን የውጭውን ላስቲክ በየት በኩል እናወጣዋለን የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ አምራቹ የውጭው ጆይንት ከአክስሉ እንዲላቀቅ አላሰበም፤ በመዶሻ ደብድበው የሚያወጡት ባለሙያዎች ቢኖሩም ደህናውን ጆይንት በዚያ መንገድ ማበላሸት ቀላል ነው። ትክክለኛው መንገድ በውስጠኛው ጆይንት በኩል መዞር ነው፤ ሁለቱም ላስቲክ ስለሚወጣ አብሮ መቀየሩ የሚመከረው ለዚህ ነው። የውስጠኛውን ላስቲክ ፋሼታዎች ቆርጠው ላስቲኩን ወደ ኋላ ይግፉትና በጽዋው (ወደ ካምቢዮ በሚገባው ጽዋ መሰል የጆይንቱ ቤት)፣ በአክስሉና በሦስት እግሩ ብረት (በጽዋው ውስጥ በሚገባው፣ በአክስሉ ጫፍ ላይ ባለው ባለ ሦስት ክንድ ብረት) ላይ በቀለም ትይዩ ምልክት ያድርጉ። አክስሉን በቀስታ ከጽዋው ይሳቡ። ጽዋው ካምቢዮው ውስጥ እንደተሰካ ስለሚቀር የካምቢዮ ዘይት አይፈስም፤ የጽዋውን አፍ በንጹሕ ፌስታል ሸፍነው ያስሩት። የሦስት እግሩን ተሽከርካሪ ቀለበቶች ወዲያውኑ በጨርቅ ይጠቅልሏቸው፤ አንዱ ከወደቀ በውስጡ ያሉትን እንደ መርፌ የቀጠኑ ብረቶች ከአፈር ውስጥ ሲለቅሙ ይውላሉ።

አክስሉን ወደ ጠረጴዛ ይውሰዱት። ሦስት እግሩን የያዘውን የስፕሪንግ ቀለበት በፒንሳ ያውጡ፣ ከዚያ ሦስት እግሩን ዙሪያውን በእኩል እየመቱ ያውርዱት፤ ተሽከርካሪዎቹን ግን አይምቱ። በረጅሙ አክስል ላይ ንዝረት የሚያበርድ ከላስቲክ የተሠራ ክብደት ተጭኖ ካገኙ ከማውጣትዎ በፊት ከአክስሉ ጫፍ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ። የውጭውን ጆይንት በናፍጣ እያጠቡ በየአቅጣጫው ያጣጥፉት፤ በቤንዚን ማጠብ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። ካደረቁት በኋላ ኳሶቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያመጡ ይዩአቸው። የሚያብረቀርቅ መንገድ ችግር የለውም፤ የተቆፈረ ወይም የተላጠ ገጽ ግን ጆይንቱ እንዳበቃለት ይናገራል።

የአክስሉን ጥርስ በፕላስተር ጠቅልለው አዲሶቹን ላስቲኮች በቅደም ተከተል ያስገቡ፤ መጀመሪያ የውጩ ከነፋሼታዎቹ፣ ከዚያ ክብደቱ ካለ እርሱ፣ በመጨረሻም የውስጡ። ትንሿን ፋሼታ ረስቶ ሦስት እግሩን መልሶ መምታት ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ነው። ሦስት እግሩ ሲመለስ በመሃሉ ያለው ጥርስ ጫፉ ዘመም ተደርጎ የተቆረጠበት ጎን ወደ ውጭው ጆይንት መዞር አለበት፤ የቀለም ምልክቶቹም መገናኘት አለባቸው። የከረጢቱን ግራሶ ግማሹን በጣትዎ ወደ ኳሶቹ መሃል ይጠቅጥቁ፣ የቀረውን በላስቲኩ ውስጥ ያድርጉ፤ አይቆጥቡት፣ ከሌላ ግራሶ ጋርም አይቀላቅሉት።

የላስቲኩ ጠባብ አፍ በአክስሉ ላይ ካለው ቦይ በትክክል መቀመጡን ካዩ በኋላ፣ ፋሼታውን ከማጥበቅዎ በፊት ደብዛዛ ካቻቢቴ ከከንፈሩ ሥር ለአፍታ አስገብተው የታፈነውን አየር ያስወጡ፤ አለበለዚያ ላስቲኩ ይነፋል ወይም ይጨማደዳል። በፋሼታ ፋንታ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ የሚጠቀሙ አሉ፤ ሽቦው ላስቲኩን እንደ ቢላ ስለሚቆርጠው ሥራው ሁሉ ዋጋ ያጣል።

መልሶ መግጠሙ በፈቱበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ነው። የባል ጆይንቱን መያዣ ሽቦ በአዲስ ይተኩ። አዲሱን የአክስል ዳዶ ፍሬን እያስረገጡ በአየር ላይ ጠበቅ ያድርጉት፣ ጎማውን አስረው መኪናዋን ካወረዱ በኋላ ይጨርሱት። ለቪትዝና ለኮሮላ የተለመደው የማጥበቂያ ልክ 216 ኒውተን ሜትር ሲሆን የጎማው ዳዶ ደግሞ 103 ነው። ልክ የሚለካ ቁልፍ ቢዋሱ ይመረጣል። ካልተገኘ የሚያገለግል ግምት አለ፦ የአክስል ዳዶው 216 የሚደርሰው በአንድ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ወደ 22 ኪሎ የሚሆን ኃይል ሲያርፍ ነው፣ ይህም ውኃ የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን ከነመያዣው ለማንሳት ከሚወስደው ኃይል እምብዛም አይርቅም። ቧንቧውን ከዳዶው ወደ ግራ አግድመው ጫፉን እንደዚያ ጀሪካን ሳይነቀንቁ ወደ ላይ ያንሱት። ለጎማው ዳዶ ያንኑ ኃይል በግማሽ ሜትር ላይ ይጠቀሙ። ከዚያ የአክስሉን ዳዶ ከንፈር ወደ ቦይው ጨፍልቀው ይቆልፉት።

ስታብላይዘር ሊንክ

ይህ ከላይኛው አንጻር የቡና ሰዓት ሥራ ነው። ሁለቱም የፊት ጎማዎች አንድ ላይ መነሳት ወይም አንድ ላይ መሬት መንካት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ከተነሳ ስታብላይዘሩ ተጠምዝዞ ሊንኩን ስለሚወጥረው ቡሎኑ አይወጣም፣ አዲሱም አይገባም። ዳዶውን ሲፈቱ መሃሉ አብሮ ከዞረ በጫፉ ላይ ያለውን ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ በአለን ቁልፍ ይያዙት። በዝገት የተያያዘውን ከዋዜማው ዘይት ያጠጡት፤ እምቢ ካለ በሴጌቶ መቁረጥ ነው፣ አሮጌው እንደሆነ ይጣላል። አንዱ ካለቀ ሌላውም እኩል ኪሎ ሜትር ስለሄደ ሁለቱንም መቀየር ተገቢ ነው።

የአርም ቡሽ

ቡሹን በቤት በመዶሻ ማስገባት በውስጡ ያለውን ጎማ ስለሚያበላሸው አርሙን ፈትተው ፕሬስ ወዳለው ቶርኖ ቤት ይውሰዱት፤ ከፍሎ የሚሠራው ይህች ብቻ ስትሆን መፍታቱና መግጠሙ የእርስዎ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የቡሹ ጎማ ከውስጡና ከውጩ ብረት ጋር የተጣበቀ በመሆኑ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል እንጂ። አርሙ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናዋ ስትወርድ ጎማው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በየጉድጓዱም ላይ የበለጠ ይጠመዘዛል፤ አዲስ ቡሽ በጥቂት ወር ተቀደደ የሚባለው በአብዛኛው በዚህ ነው። ቡሎኖቹን በእጅ ልል አስገብተው መኪናዋን በጎማዋ ያቁሙ፣ የፊቷን ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ጫን አድርገው ያስረጉ፣ ያን ጊዜ ያጥብቁ።

በግቢ የማይሠራ

ሞላን ከአሞርዛተር ማላቀቅ ትክክለኛ መጭመቂያ የሌለው ሰው ሊነካው የማይገባ ሥራ ነው፤ የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። የላላ ባል ጆይንትን በብየዳ ማጥበቅም እንዲሁ፤ ብየዳው የለቀቀ ዕለት ጎማው ከመኪናዋ ሥር ይታጠፋል። የፊት ኩሽኔታ ፕሬስ ይፈልጋል። አርም ወይም የመሪ ጫፍ ከተነካ ደግሞ የጎማ አላይመንት ማስለካት የወጪው አካል ተደርጎ ይታሰብ፤ ላስቲክና ሊንክ ብቻ ከሆነ አያስፈልግም።

የመጀመሪያውን ሙከራ በሠፈር ውስጥ በዝግታ፣ መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው እያዞሩ ያድርጉ። ወደ ዋናው መንገድ ከመውጣትዎ በፊት ፍሬኑን ይፈትሹ። ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ የጎማውን ዳዶዎች መልሰው ይፈትሹ፣ በላስቲኮቹ ዙሪያ አዲስ ግራሶ እንዳልወጣም በባትሪ ይዩ። እኔ ይህን ምርመራ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት መጨረሻና በመስከረም፣ ጭቃውን ከሥር ባሳጠብኩ ማግስት አደርገዋለሁ፤ ጭቃ እንደተለጠፈበት ግን ቀዳዳው አይታይም።